የወደቀችው «ጉ»

ዓርብ ዓርብ ሆዷን ያማታል።
ዓርብ የንባብ ቀን ነው፤ «ሐመልማል!» ይባላል፣
ቃሉ ጉሮሮዋ ላይ እንደ ዓሣ አጥንት ይሰካል፣
ከኋላ ወንበር አንዱ ኪ ኪ ኪ ይላል።

እኔ አስተማሪ አይደለሁ፤
ቢጫ ሰደሪያ ለብሼ፣ ከብሔራዊ ቲያትር ማዶ ደረሰኝ እቆርጣለሁ።
ትምህርቴን አራተኛ ክፍል ላይ
እንደ ጃንጥላ ታክሲ ውስጥ ረስቼ ወርጃለሁ።

መጀመሪያ ቆጣ አልኩ፤ እውነቱን ልናገር፣
«ትናንት ያወቅሽውን ዛሬ እንዴት?» ብያት ነበር፤
ትከሻዋ ወደ ጆሮዋ ወጣ፣
መጽሐፉም ተዘጋ፣ እንደ ሱቅ በር።

ከዚያ ወዲያ፣ ከትምህርት ስትመለስ አጠገቤ ድንጋይ ላይ አስቀመጥኳት፤
«ዓይኔን ፀሐይ መታው፣ ታርጋውን አንብቢልኝ» አልኳት።
ቁጥሩ ቀላል ነው፤ «አ» ደግሞ ሁለቴ፣ አዲስ አበባ፤
አመሻሹ ላይ ሠላሳ ታርጋ በሷ አፍ ደረሰኜ ውስጥ ገባ።

ከታርጋው ዓይኗ ቀስ ብሎ ወደ ግድግዳው ወጣ፤
«ጫ... ማ» አለች፣ ከጭቃ እግሩን መዞ እንደመጣ።
«ፎ... ቶ...»
«ጥ...» ብላ ቆመች፣ ከጥርስ ሐኪሙ ሰሌዳ ሥር፤
ቃሉ ምላሴ ላይ ነበር። ላቀብላት? ልናገር?
ነከስኩት።
ሦስት አውቶቡስ አለፈ፤ ሎተሪ አዟሪው ዞሮ ዞሮ ሰወረ፤
«ጥርስ!» በራሱ ጊዜ ከአፏ በረረ።
ቀጥሎ ያለችውን ግን ወዲያው አወቀቻት፦
«ይቺ የኔ ናት! የስሜ ‹ሐ› ናት!»
ከሦስቱ «ሀ»ዎች መሀል፣
ዘመድን ከሰልፍ እንደሚለዩት ለየቻት።

ረቡዕ ነው፤ ዝናቡ ካባራ በኋላ።
ከጋሽ ወልደየስ ሱቅ ፊት ቆማ፣
«ፀ... ር... ቤት» አለች። ፊቷ ዳመነ።
«ተሳሳትኩ።» እንደገና፦ «ፀር ቤት።»
ድምፅዋ አነሰ፣ አነሰ።

ቀና ብዬ ዓመት ሙሉ ያላየሁትን አየሁ፦
በ«ፀ» እና በ«ር» መሀል ሁለት ምስማር፣ ባዶ ቦታ፤
«ጉ» ወድቃ ኖሯል፣ ማን ያውቃል በየትኛው ነፋስ፣ በየትኛው ማታ።
«አንቺ አይደለሽም» አልኳት፤ «አንቺ ያለውን ነው ያነበብሽው፣
እኛ ነን በግምት የምናልፈው።
የተሳሳተው ሰሌዳው ነው።»

ሰሌዳ ይሳሳታል እንዴ? አላመነችም፤
ሮጣ ገባች፦ «ጋሼ፣ ‹ጉ› የለችም!»
መላጣው ፀጉር አስተካካይ መቀሱን እንደያዘ ወጣ፣
ግማሽ ራሱ የተላጨ ደንበኛም ፎጣውን ለብሶ መጣ።
አንጋጠው አነበቡ።
«የጠላት ቤት!» አለ ጋሽ ወልደየስ፣
«ለካ ሰው የሚሸሸኝ ወዶ አይደለም!»
ሳቁ። እሷም ሳቀች፤
ስታነብ ተስቆ፣ ሳቁ በሷ ላይ ያልሆነበት የመጀመሪያው ቀን።

አዲሷን «ጉ» ከካርቶን የሳለቻት እሷ ናት፤
ከጎረቤቶቿ ትገዝፋለች፣ ክንዷም ወደ ላይ ተንጋዶባት።

ዓርብ ከሰዓት መጣች። ቦርሳዋን አወረደች፣
ድንጋይዋ ላይ ተቀመጠች።
አልጠየቅኳትም። መኪና ገባ፣ መኪና ወጣ።
«እማ፣ ሁለት ቦታ ቆምኩ» አለች።
«‹ሥ› ላይ፣ ደግሞ አንድ ረጅም ቃል ላይ።»
«እሺ?»
«ቆምኩ፤ ከዚያ ሄድኩ።»

ሆዷን አላነሳችም።
ጣቷን ዘርግታ
አዲስ የገባውን ታርጋ ማንበብ ጀመረች።