ፍሪ

ከሱሉልታ ወዲህ፣ ዳገቱ ሲያበቃ፣
ከእንጦጦ ጀርባ ላይ፣ ጉሙ ገና ሳይነቃ፣
ሹፌር ሁሉ ያውቃል ያችን አንዲት ቦታ፤
ማርሽ የሚነቀልባት፣ ሞተር የሚፈታ።
«ፍሪ» እንለዋለን፤ ቃሉ የፈረንጅ ነው፤
ጎማ ብቻ ይሮጣል፣ ሞተር የማይገዛው።
የተረፈው ናፍጣ፣ በጀሪካን ቢጫ፣
አዲሱ ገበያ ነው የማታ መሸጫ።

ጋሽ ወርዶፋ ብቻ አንድ ቀን አልነቀለ፤
በሁለተኛ ማርሽ፣ ሞተር እየታገለ፣
ጠጠር እስከ አፉ የሞላ አይሱዙ፣
ክላክሱን ከኋላ ሌሎቹ ሲያበዙ፣
ያዘግማል እንጂ።
እኔ ረዳቱ ነኝ፤ ሃያ አልሞላኝም ያኔ።
«ጋሼ፣ ባለቤቱ ቦሌ ነው፤ አያይም» አልኩት እኔ።
መሪውን ሳይለቅ፣ ሳይዞርም ወደ እኔ፣
«ባለቤቱማ ያያል» አለ።
ሌላ ቃል አልጨመረም።

ሁዳዴ ነበረ፤ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ
ጉሮሮው ቢደርቅም ጠብታ ውሃ አይቀምስ።
እኔ ከጎማው ጀርባ ሳምቡሳዬን ገምጬ፣
ዘይቱን በቱታዬ ጠርጌ፣ ተቀምጬ፣
ዓይኑን እሸሻለሁ።
አይቶኛል፤ አውቃለሁ።
በማግስቱ ጠዋት ሳንቲም አስጨበጠኝ፤
«በደረቁ አይሄድም፤ ሻይ ግዛበት» አለ።
ያ እፍረት እስከ ዛሬ ጉሮሮዬ ላይ አለ።
በዚያው ሳምንት ጾምኩኝ። ማንም አላዘዘኝ።

ዓይኑ ደከመና ሱሉልታ ቀረ እሱ፤
ወንበሩን ወረስኩት ከነአሮጌ ትራሱ።
አንድ ሐሙስ ማለዳ፣ ጉም ባልነበረበት፣
መንገዱ ጭር ብሎ ፀሐይ በወጣበት፣
እጄ ራሱ ሄዶ ማርሹን ነቀለው።
(ሰው ሲያምረው እጁን ነው «ራሱ ሄደ» የሚለው።)

ወይ ጸጥታው ደግሞ! ሞተሩ ዝም ሲል፣
ያ ሁሉ ጠጠር እንደ ላባ ሲቀል፣
ከተማዋ ከታች፣ ቆርቆሮዋ እያበራ፣
ወደ እኔ ትሮጣለች፣ ስሜን ስትጠራ።
«ይሄ ነው ነጻነት» አልኩ።
ዘፈንኩም መሰለኝ።

ከዚያ ፍሬን ረገጥኩ።
እግሬ ሰመጠ፤ እንደ ጭቃ ለስላሳ።
ደግሜ ረገጥኩ። ምንም።
ከፊቴ ሁለት አህዮች፣ አንድ ልጅ ከነቦርሳ።
ማርሽ ላስገባ አልኩ፤ ጥርሱን አፋጨና እምቢ አለኝ፣ አልገባም።
የናቁት ማርሽ ለካ በጭንቅ ሰዓት አይገባም።
መውደቅም ለካ፣ ከላይ ሲጀምሩት፣ መብረር ይመስላል።

መሪውን ጠመዘዝኩ ወደ ተራራው ጎን፤
አይሱዙው አፈሩን እያረሰ፣ እየጮኸ፣ ቆመ።
ጠጠሩ ፈሰሰ። አቧራው ዘገየ።
ልጁ ቦርሳውን አቅፎ እኔን አየ።

ማታ ሱሉልታ ሄድኩኝ፤
ለጋሽ ወርዶፋ ሁሉንም፣ ናፍጣውንም ነገርኩኝ።
ብዙ ዝም አለ። ሻማው አለቀ።
«ፍሬን» አለ «ከማርሽ ጋር ነው ፍሬን የሚሆነው፤
ብቻውን ይሞቃል፣ ይከዳሃል።
የቀረውን ለነፍስ አባትህ ንገራቸው።
እኔ ሹፌር ነኝ።»

አሁን በሁለተኛ እወርዳለሁ።
ከኋላዬ ስድብ፣ «አንተ ኤሊ!» እሰማለሁ።
ማርሹ ያቃስታል፤ መያዝ አይወድም፤
እኔም አንዳንድ ቀን አልወድም።
ግን አህያ ሲሻገር እቆማለሁ፤
ልጅ ሲሻገር እቆማለሁ፤
ያኔ፣ በዚያ ሁሉ ነጻነት፣
መቆም ብቻ ነበር ያልቻልኩት።

ዘንድሮም ሁዳዴ ገባ።
ያችን ቦታ ስንደርስ፣ እጄ ማርሹ ራስ ላይ ትንሽ ቆየ።
አዲሱ ረዳቴ አየ፤
«ባለቤቱ እኮ አያይም» አለኝ፣
ከንፈሩ ላይ የሳምቡሳ ዘይት እያበራ።
ሁለተኛ አስገባሁ።
በሌላው እጄ
ለሻይ የሚሆን ሳንቲም ከኪሴ ፈለግሁ።