ደለል

«በወሩ አጋማሽ» ይላል ደብዳቤው፤
የማንን ወር ይሆን በልቡ ያሰበው?
በእኔ ጥቅምት ሰባት፣ በእነሱ አሥራ ሰባት፤
አጋማሹ መጣ፣ አለፈ፣ የመልእክት ሳጥኔ ሰው የለቀቀው ቤት፤
እከፍተዋለሁ፣ እዘጋዋለሁ፣
ደግሞ እከፍተዋለሁ፤
የጫማ ቅናሽ፣ የቤተ መጻሕፍት ማስታወሻ፣ የጠፋ ጃንጥላ፣
ይህን አነባለሁ።

በርገን ዝናብ ነው፤ ትናንትም ዝናብ ነበር፤
ሰባት ተራራ አላት ይላሉ ይህች አገር፤
ሁለቱን አይቻለሁ፤
አምስቱን በእምነት ነው የተቀበልኩት፣ እንደ ፈንዱ ሁሉ፣
ከጉም ወዲያ ማዶ «አሉ» ስለተባሉ።

ሥራዬ ጭቃ ነው፤
ከሐይቅ፣ ከወሎ፣ በረዥም ቱቦ ተቀድቶ የመጣ፤
አንድ ጣት ሲገፈፍ የአንድ ዘመን ዝናብ፣ የአንድ ዘመን ጣጣ።
ድርቁ ነጣ ይላል፣ ክረምቱ ይጠቁራል፤
ስምንት ሺህ ዓመቱን
እዚህ ምድር ቤት፣ በአራት ዲግሪ ብርድ፣ ተጋድሞ ይቆጥራል።

ታንኳውን የቀዘፈልን ይመር፣ ያን ጊዜ፣
«ጭቃ ፍለጋ ነው ይህ ሁሉ?» ብሎ ሳቀ፤
የቱቦው ጫፍ ሲወጣ፣ ነጩን ጥቁሩን መስመር ሲያይ ግን
ቆቡን አወለቀ፤ ተጠቅልሎ እስኪያልቅ ዝም ብሎ ጠበቀ።
«የአያቶቻችን ክፉ ቀን የቱ ጋ ነው?» አለኝ።
ገና አልተነበበም አልኩት።
ማንበቢያው ገንዘብ እንደሚበላ አልነገርኩትም።

ደለል ይሉት ነገር ስሙ መች ዋሸኝ፣
ደልሎ ደልሎ ብርድ ላይ አስመሸኝ።

ኢሎና አለች፣ ጠረጴዛዋ ከእኔ ፊት ለፊት፤
የምታጠናው ዓሣ ጆሮ ውስጥ ያለች ጠጠር ነው፣ ምስር የምታህል።
እሷም አመልክታለች። ሰባ ሰው ነን፣ ወንበሩ አራት።
ሻይ ስቀዳ ለእሷም እቀዳለሁ፤
«ዛሬ ይመጣ ይሆን?» ትለኛለች፣ ማን ያውቃል እላለሁ፤
ስልኳን ስታነሣ ቅንድቧን አነባለሁ።
ትናንት ሌሊት ክፉ አሰብኩ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝና፤
ዓሣዎቿ ይሙቱ ብዬ ረገምኩ።
ለካ ድሮ ሞተዋል፤ እርግማን እንኳ አላውቅም ገና።

እትዬ ዘርትሁን በስልክ፦ «ምነው ድምፅሽ? ፈተናውን ወደቅሽ እንዴ?»
ፈተና አይደለም እትዬ፤ ይኼ ያለፉት ሰዎች ዕጣ የሚጣጣሉበት ነው።
«ሎተሪ በይኛ!»
ሳቅሁ። ስልኩ ሲዘጋ ሳቄም ተዘጋ፤
የመኖሪያ ፈቃዴ በታኅሣሥ ያልቃል፣ ታኅሣሥ ደግሞ እየተጠጋ።

ስምንት ሰዓት ከሦስት። ሁለት ስልክ እኩል ነዘረ፤
የእኔ ጣት፣ የእሷ ጣት፣ መስታወቱ ላይ ቀረ።
«አመልካች ስለበዛ» ይላል፣
«ውጤቱ በሦስት ሳምንት ተራዝሟል፤ ስለ ትዕግሥትዎ እናመሰግናለን።»
«የቱን ትዕግሥት?» አለች ኢሎና፤
ተያየን፤ በሳቅ ፈነዳን፣
ኦድቫር በሩን ከፍቶ «አገኛችሁ?» እስኪለን።

ወደ ምድር ቤት ወረድኩ። ተከተለችኝ፤
ሁለት ዓመት ሙሉ ጭቃዬን አይታው አታውቅም።
ማቀዝቀዣው አጉረመረመ።
አንዱን ቱቦ ስቤ ቀጭኗን ሽቦ አሳለፍኩበት፣
እንደ መጽሐፍ ሁለት ላይ ተከፈተ፤
ውስጡ ርጥብ ነው፣ ትናንት የዘነበበት ይመስል።
«ይሄ ነጩ?»
የተራቡበት፣ አልኳት።
እጇን ከኪሷ አወጣች፤ አልነካችውም።

ያኔ ስልኬ አንዴ ነዘረ፤ ልቤ ዘለለ፤
ይመር ነው። ድምፅ ልኳል፤ ከኋላው መቅዘፊያ ውኃ ሲመታ ይሰማል፦
«እንደምን ከረምሽ? ያ ጭቃ ምን አለ?»