ሌሊት የሚል ዓምድ

ባሕሩ ግድቡን ጥሶ፣ ሳትኺራ የገባ ለታ፣
ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ጣራ ላይ አደርን ተርታ።
በነጋው ውኃው ሄደ፤ እንግዳ ነውና ሄደ፤
ጨው ግን ቤተኛ ሆኖ ማሳችንን ወሰደ።
አባቴ የዘራው ሩዝ ወር ሳይሞላው ገርጥቶ፣
ጫፉ እንደ አጫሽ ጥፍር ቢጫ ሆኖ ቀረ ሞቶ።
የቆመው አንድ ብቻ፣ የጎረቤታችን የጆበዳ ሩዝ፣
ቀይ፣ ጢማም፣ ቁመተ ረዥም፣ ነፋስ ሲነካው የሚያጎነብስ፤
ጠቅላላ ምርቱ ቢሰፈር ሁለት ጆንያ የማይሞላ፣
ግን ጨው እየጠጣ የሚያፈራ፣ ለክፉ ቀን የሚበላ።

ዛሬ እኔ ጉልናሃር፣ በምርምር ጣቢያው አዳቃይ ነኝ፤
ወንበሬ የተደፋ ባልዲ፤ ጎህ ሳይቀድ ነው የሚያገኘኝ።
አበባው ዐይኑን ሳይገልጥ፣ በመቀስ ጫፉን ቆርጬ፣
ስድስቱን የወንዴ ክሮች በወረንጦ ለቅሜ አውጥቼ፣
የወረቀት ቆብ አለብሰዋለሁ።
ስድስት ናቸው። አምስት ካወጣሁ፣
የረሳኋት አንዷ ክር ራሷን በራሷ ትድርና
የዓመቱን ልፋት ሁሉ ታስቀረዋለች መና።
ረፋድ ላይ፣ አራት ሰዓት፣ የጆበዳን ቀይ ዛላ
በቆቡ አፍ አራግፋለሁ።
የሚወርደው አይታይም፤ ትንፋሼን ግን እይዛለሁ።

ዶክተር ቶፋዘል ይላል፣ መነጽሩን በሸሚዙ እየወለወለ፦
«የጠራነው ሙሽራዋን ነበር፤ ዘመድ ሁሉ ተከትሎ መጣ፤
ይኸው ስምንት ዓመት ፈጀብን ሚዜና አጃቢ ስናስወጣ።»
ቁመቱን አስወጣን፣ ጢሙን፣ ቅላቱን፣ መዘግየቱን፤
ከቅጠል ቁራጭ ጨምቀን፣ በመብራት እያየን ዘረ መሉን፣
ጨው የምትችለዋ ያለችበትን ያዝን፤ ሌላውን ጣልን።
በጨው ገንዳ ነከርነው። ከሦስት ሺህ ቡቃያ አርባ ተረፈ፤
ከአርባው አንዱ በመዝገቤ ሁለት መቶ ሰባ ተብሎ ተጻፈ።

ሁለት መቶ ሰባ፣ በጆበዳ ማሳ፣ ዘጠኝ ጆንያ ወጣው።
መንደሩ አጨበጨበ፤ ከዳካ ፎቶ አንሺ መጣ፤
ጆበዳ ብቻ ዝም።
ከአዲሱ ሩዝ ለክታ በድስት ቀቀለች፣
ማታ ውኃ ሞላችበት፣ እንደ ልማዷ ከደነች፤
ማለዳ ለእርሻ የሚወጣ የሚበላው ይኸው ነው፣
ያደረ ሩዝ በሽንኩርትና በቃሪያ፤ ጉልበቱ ከዚያ ነው።
ሲነጋ ክዳኑን ከፈተች። አሸተተች። ጠራችኝ።
ሩዙ ፈርሶ አጥሚት ሆኗል፤ በጣቷ አንሥታ አሳየችኝ።
«ልጄ፣ ጨውን ችሏል፤ እሰይ። ሌሊትን ግን አልቻለም።
የኔ ቀዩ እስከ እኩለ ቀን ቅንጣቱ ተለይቶ ይውላል፤ አይላላም።»

ሁለት ቀን ለማንም አልነገርኩ።
ከአጃቢው መሐል ነበረ፤ በእጃችን ነው ያስወጣነው፣
ሌሊቱን የሚጠብቅ ዘበኛ፣ ስሙን ማንም ያልጠየቀው።

በሦስተኛው ቀን ነገርኩት። መነጽሩን አወለቀ።
«መልሰን ብናዳቅል ስንት ዓመት?»
«ከቀናን፣ አራት።»
«ጡረታዬ ሦስት ቀርቶታል» አለ፤ ሳቀ፤
ከዚያም የወረንጦዬን ጫፍ በእሳት አሙቆ በጥጥ አጸዳልኝ፤
ለዚህ ሥራ ሌላ ሰው አለን፤ አንድ ቀን እንኳ ነክቶት አያውቅም ነበር።

ዛሬ ጎህ ላይ፣ ባልዲዬ ላይ ነኝ።
ክሮቹን ቆጠርኩ፤ ስድስት። ደግሜ ቆጠርኩ፤ ስድስት።
መዝገቤ ቁመት፣ ቀን፣ ጨው፣ ክብደት የሚሉ ዓምዶች አሉት፤
ከዳር በተረፈችው ጠባብ ቦታ ማስመሪያዬን አስደግፌ
አንድ መሥመር ጨመርኩ፤ «ሌሊት» ብዬ ከላይ ጽፌ።
ከሥሩ ገና ባዶ ነው።
ጆበዳ ድስቷን አጥባ ደፍታዋለች፤ ውኃው እየተንጠፈጠፈ ነው።