«ኑ»

የመንገዱ ስም ቅድስት ካትሪን ነው፣ እኔ አይደለሁም ያወጣሁለት፤
ሞንትሪያል፣ መሀል ከተማ፣ ሰው ከሰው የሚጋፋበት።
ከታች ስፌት ቤቴ፤ ዚፕ እቀይራለሁ፣ ሱሪ አሳጥራለሁ፤
ላይ፣ ሦስተኛው ፎቅ፣ ከልጄ ጋራ አድራለሁ፤
መሀል ላይ፣ ሁለተኛው፣ ራቁት የሚጨፈርበት ቤት አለ፤
ለሱቄ ጣሪያ፣ ለአልጋዬ ወለል፣ እሱው ነው የተደላደለ።

ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ወለሉ ልብ ያበቅላል፤
ዱም፣ ዱም፣ ዱም ይላል፤
መደርደሪያ ላይ ያለ ብርጭቆ ሰምቶ ይመልሳል።
ሌሊት ዘጠኝ ሲሆን በር ተከፍቶ ሰካራሙ ይፈስሳል፤
አንዱ ይሳደባል፣ አንዱ ያለቅሳል፣
አንዱ ዞር ብሎ ግድግዳዬን ያረጥባል።
ጠዋት ባልዲ ይዤ እወርዳለሁ፤
የተማሪ አውቶቡስ ሳይደርስ ደጄን አጥባለሁ።

ማስታወቂያው ቀይ መብራት ነው፣ በፈረንሳይኛ የተጻፈ፤
ግማሹ ፊደል ተቃጥሎ ያለፈ።
ሁለቱ ብቻ ቀርተው «ኑ» ብለው ያበራሉ፤
በፈረንሳይኛው «ራቁት» ማለት ናቸው፣ ለሚያነቡት ሁሉ።
ልጄ ኢዮስያስ ግን ፊደል ሲቆጥር፣ በአምስት ዓመቱ፣
በራሱ ያነበባት የመጀመሪያ ቃል እሷው ናት፣ ከመስኮቱ።
«እማ! ‹ኑ› ይላል! ማንን ነው የሚጠራው?»
ጥርሴን ነከስሁ። ምን ልመልስለት?
«የደከማቸውን» አልሁት።
«እኛንስ?»
መጋረጃ ሰፋሁ፣ ወፍራም፣ ጥቁር፤
ቀዩ ግን በጠርዙ ሾልኮ ትራሱ ላይ ያድር ጀመር።

በመጋቢት፣ በረዶው ጭቃ ሲሆን፣ ሙሴ ጋኞን ወረቀት ይዞ መጣ፤
«ይህ ቤት ይዘጋ» የሚል፣ አርባ ሦስት ስም የያዘ፣
ለከተማው ምክር ቤት የሚላክ ቁጣ።
«ሚስቴ ቦርሳዋን የተነጠቀችው እዚህ በር ላይ ነው፤
ጫማ ጠጋኙ ዘግቶ ሄደ፣ ዳቦ ቤቱም የሚሄድ ነው።»
እውነቱን ነው። ብዕሬን አነሣሁ፤
ዓይኔ ግን መስቀያው ላይ ሄደ፣ እጄን መለስሁ፤
ከሙሽራ ቬሎ ጎን የዳንሰኞቹ ልብስ ተሰቅሏል፣
ከመዳፍ የማይበልጥ ጨርቅ፣ የኪራዬን ሢሶ ይከፍላል።
አፌን ሞልቼ እንዳልናገር
አፌን የሞላው እሱ ነበር።

ይህን ሳስብ ጆስሊን ገባች፣ ልጇን በበረዶ ልብስ ጠቅልላ፤
አንዲት ቃል ሳትዘል አነበበችው፣ ቆማ፣ ቦርሳዋን አንጠልጥላ።
«የምሠራው እዚያ ላይ ነው» አለች፤ «የምኖረው ቀጥሎ ያለው በር።
በዚህ ዱም ዱም ልጄ አትተኛም፤ እኔን ከበር እስከ በር
የሚከተል ሰው አለ፤ ፖሊስ ስጠራ
መጀመሪያ የሚጠይቀኝ የት እንደምሠራ።»
ፈረመች። አርባ አራተኛ።
«ቢዘጋ የምሄድበት የለኝም፤ ግን እኔም ጎረቤት ነኝ።»
ከዚያ ወደኔ ዞረችና፦
«ልብሴስ ደርሷል?»

ጋኞን ጫማውን አየ። ማንም ቃል አላወጣ።
ያኔ ኢዮስያስ ከስፌት መኪናው ሥር፣ ከክሮቹ መሀል ወጣ፤
እናትና ልጅን በእጁ ጠቅሶ «ኑ!» አለ፣ በአማርኛ፤
አዝራር የሞላበት ቆርቆሮ ሊያሳያቸው፣ እንደ ጓደኛ።
ጋኞን ቀና አለ፤ በሱ ቋንቋ፣ ከንፈር ትንሽ ካልሾለ፣
«ራቁት» የሚለው ቃል «እኛ» ይሆናል፤
በሱ ጆሮ ልጄ «እኛ» ነበር ያለ።
«እኛ? እኛ ምን?» አለ ሽማግሌው፤
ማንም አልመለሰም። ወረቀቱን ለነገ ብሎ ተወው።

አርባ አምስተኛው መስመር አሁንም ባዶ ነው፤ ብዕሩ ከጎኑ ተጋድሟል።
ማታ ሦስት ሰዓት፤ ጣሪያዬ ዱም ይላል።
የጆስሊንን ማሰሪያ ይዣለሁ፣ ከመብራቱ ሥር፤
ሰው ፊት እንዳትበጠስባት
ደግሜ ሰፋኋት፣ በድርብ ክር።