የእጅ ጀርባ

ስምንት ሰዓት ሲሆን፣ ከዚራ ሲተኛ፣
ባጃጁ ከነሹፌሩ ዛፍ ሥር ሲያንቀላፋ፣
ከአራቱ ዲስኮች አንዱ ጠፋ፤
ሁሌም ያው፣ ሁሌም ሦስተኛ።

ሎጉን ስገልጠው፣ ነጭ ፊደል በጥቁር፦
«መልስ የለም። እንደገና ልሞክር።
መልስ የለም። እንደገና ልሞክር።»
ሊኑክስ ደግ ነው፣ ያየውን አይደብቅም፤
ያላየውን ግን እሱም አያውቅም።

እኛ ጋ የሚቀመጠው የሰው ስም ነው፤
የተወለደው፣ የሞተው፣ የተጋባው፣ የተፋታው።
ኢፍቱ ከመስኮቱ ፊት ልጇን አዝላ ቆማለች፤
«ሲስተም የለም» ስላት፣
«አቦ! ትናንትም የለም፣ ዛሬም የለም፤
ልጄ ግን አለ፣ ይኸው ይጮሃል!» አለች።

መጀመሪያ ዲስኩን ከሰስኩት፤ ነቅዬ አወጣሁት፣
በዱቤ አዲስ ገዝቼ ተካሁት፤
አዲሱም ጠፋ፣ ስምንት ሰዓት ላይ።
ኬብል ቀየርኩ። ቀየርኩ ፓወር ሰፕላይ።
ከርነሉን አደስኩ፤ ድራይቨሩን ነቅዬ መልሼ ተከልኩ፤
ኮዱ ክፍት ነው፣ መብራት እስኪጠፋ አነበብኩ።
መሀል ላይ አንድ ሰው፣ ስሙንም አገሩንም የማላውቀው፣
እንዲህ ብሎ ጽፏል፦
«ይኼ ካርድ አንዳንዴ ዝም ይላል።
ለምን እንደሆነ አልደረስኩበትም።»
ብቻዬን ሳቅኩ፤ ለእኔም አልነጋ፣ ለእሱም አልነጋለትም።

ካርዱን ከታይዋን ነው የገዛሁት፣ ያገለገለ፤
ዚያድ «ወላሂ ኦሪጅናል!» እያለ
ሦስቴ ምሎልኝ፣ ሁለት መቶ ብር ቀንሶልኝ።

ጥበቃው አባ ሮብሌ፣ የድሮ የምድር ባቡር ሰው፣
ከደጅ ሆነው ሲያዩኝ ሰንብተው፦
«ስንት ሰዓት ነው የሚጠፋው?»
«ስምንት።»
«ሌሊትስ?»
«ሌሊት ደህና ነው።»
«ታዲያ ምን ታነቢያለሽ? ንኪው!
እኛ ባቡር መንገድ ላይ ሲቆም ፉርጎውን አንሰድብም፤
ወርደን የመንኮራኩሩን ቋት በእጃችን ጀርባ ነው የምንዳስስ።
መዳፍ ይዋሻል፣ መዶሻ አደንድኖታል፤
የእጅ ጀርባ ግን ሕፃን ነው፣ ቶሎ ያለቅሳል።»

ክዳኑን ፈታሁ።
ዲስኮቹ ለብ ብለዋል፣ እንደ ጤነኛ ግንባር።
እጄን ገልብጬ ካርዱ ላይ ሳሳርፍ — እሳት!
የቺፑ ሙቀት ማብረጃ በአንድ እግሩ ተንጠልጥሎ፣
ከሥሩ ያለው ቅባት፣ እንደ ደቻቱ በጥር፣
ደርቆ፣ ተሰነጣጥቆ፣ አፈር መስሎ ነበር።

መሳቢያዬ ውስጥ «የሞተ» ብዬ የጻፍኩበት ዲስክ አለ።
የከተማውን ሙት የምመዘግብ እኔ፣
እሱን በቁሙ መዝግቤዋለሁ።

አዲስ ቅባት ቀባን፤ ከአሮጌ ኮምፒዩተር ፋን ፈተን አሠርን በሽቦ።
ስምንት ሰዓት መጣ። አለፈ። ዘጠኝ ሆነ፣ አቦ!

ማታ ኮዱን ከፈትኩ፤ ከዚያ ከማላውቀው ሰው ጽሑፍ ሥር
ጨመርኩ አንዲት መስመር፦
«ዝም የሚለው ሲሞቀው ነው። በእጅ ጀርባ ይነካ። ከድሬዳዋ።»

ኢፍቱ በማግሥቱ ወረቀቷን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።
ልጁ አሁንም ይጮሃል።