ፊደልማ

በየመብራት እንጨት፣ በየግንቡ ሁሉ
«እሺ በሉ» ያሉ፣ «እምቢ በሉ» ያሉ
ወረቀቶች አሉ፤
የአየርላንድ ዝናብ አንዱን ካንዱ ሳይመርጥ
ፊታቸውን አጥቦ ጥጋቸውን ሲልጥ፣
የኪልቫራው ሕዝብ ካፖርቱን አውልቆ
ደብር አዳራሽ ገባ፣ ለክርክር ታጥቆ።
በጠመኔ ትልቅ ጥያቄ ተጽፏል፣
«ሴት ለምን ታስወርዳለች?» ከሥሩ ተሰምሯል።

የከብት ሐኪሙ ኮልማን ተነሥቶ
«ምቾት ፍለጋ ነው!» አለ ጠረጴዛ መትቶ።
ከጎልዌይ የመጣች ተማሪ በተራ
«ድህነት ነው» አለች፣ በመቶኛ ቆጥራ።
ቄሱ ጫማቸውን ያያሉ አቀርቅረው፣
እንደ ድሮው ጮኸው መገሠጽ አፍረው።
አንዱ ከበር ቆሞ፣ እጁን ኪሱ ከቶ፣
«ወንዱስ?» ሲል ጠየቀ፤ አዳራሹ ሰምቶ
እንዳልሰማ ሆነ፤
ወንበር ሲጥ ሲጥ ብሎ ጥያቄው ባከነ።

ከጓዳ ፊደልማ ሻይ ትቀዳለች፣
«ስኳር ስንት ልበል?» ትጠይቃለች፤
«ለምን» የሚለውን ለሌሎቹ ትታ
ለሁሉም እንደሻው ሰጠች በዝምታ።

ሠላሳ ሁለት ዓመት። ያኔ፣ በየካቲት፣
ከደብሊን ወደብ ላይ መርከብ ይዛ ሌሊት
ባሕሩን አቋርጣ እንግሊዝ ሄዳለች፣
«አክስቴ ታማለች» ብላ ተናግራለች፤
የሌለችው አክስት ግን ዛሬም አልሞተች፣
«ተሻላት?» ሲሏት፣ «ደኅና ናት» ትላለች።
መርከቡ ሲናወጥ፣ አስመለሳትና
ብረቱን ጨብጣ ስትንቀጠቀጥ ገና፣
አንዲት የማታውቃት፣ የሱፍ ኮፍያ ያላት፣
ብርቱካን ገምሳ ግማሹን ሰጠቻት፤
«ለምን» አላለችም። «ብዪ» ብቻ አለቻት።

ምክንያቱ? ባንድ ቃል ቢያልቅ ባልከበዳት።
የእናቷ ሳል ነበር፣ የስፌት ቤቱ መዘጋት፣
ቀለበቱን ኪሱ ሸሽጎ የመጣ ሰው፣
ደግሞም ሌላ ነገር፣
ስም የሌለው።
አልቅሳበታለች፤ አልተጸጸተችም፤
ሁለቱ ባንድ ልብ ቢባል አይኖሩም
ኖረዋል፤ ኪራይም ከፍለዋት አያውቁም።

«እነዚያ ሴቶች» ይላል ተናጋሪው ሁሉ፣
ከባሕር ማዶ እንጂ እዚህ እንደሌሉ፤
ከንፈራቸውን ግን ያሞቀው ሻይ ነበር
እሷው የቀዳችው፣ ቆማ ከጓዳው በር።

ስብሰባው ሲበተን ሰብሳቢው ቆመና
«ለሻዩ» አላት፣ «ለሻዩ ምስጋና»።
ውጭ ጨለማ ነው። በየእንጨቱ ላይ
ፊደልማ ሞልቷል፣ ላላፊው የሚታይ፤
ፊደልማ ነበረች፣ ጓዳ፣ ሳትነበብ፤
መብራቱን አጥፍታ ወጣች ወደ ዝናብ።