ደም መልስ

ታኅሣሥ ላይ ፀሐይቱ ከተራራው ኋላ
ሦስት ሰዓት ትቆያለች፣ ትሄዳለች ችላ ብላ።
የቀረው ጨለማ ነው፣ የቀረው በረዶ፤
ጋጣው ብቻ ይሞቃል በትንፋሽ ነድዶ።

ሥራዬ መቁጠር ነው፤ ኡኑር ነው ስሜ፤
በበሩ ጣውላ ላይ እጽፋለሁ ቆሜ።
አውራው በግ ደረቱን ቀይ ቀለም ተቀብቶ
ያድራል ከሴቶቹ መሐል ተለቅቆ ገብቶ።
ሽርጥ ታጥቋል ምስኪኑ፤ ማስረገዝ ክልክል ነው፤
ምልክቱን እንጂ ግልገሉን አይደለም የምንፈልገው።
ጠዋት ወገቧ ቀልቶ ያገኘኋትን በግ
ቀኗን አሰምራለሁ በጠመኔ፣ በወግ።

ከቀይ እስከ ቀይ አሥራ ሰባት ሌሊት፤
አንዷ አሥራ ስድስት፣ አንዷ አሥራ ስምንት።
ሰዓት የላቸውም፣ መስኮቱም ውርጭ ነው።
«ማነው የሚቆጥረው?» አልኩት ኬቲልን፣ ሐኪሙን፣
ክንዱ እስከ ክርኑ ሣሙና ሆኖ ሳለ።

«እንቁላል የወጣበት ጉድጓድ በቢጫ ይሞላል፤
ከአተር ተለቅ ያለ። ‹ቆዩ፣ ጽንስ ይመጣል›
ይላል ለመላ አካላት። ማኅፀን ይሰማዋል፤
ቤቱን ያነጥፋል፣ ይጠብቃል ችሎ፤
በአሥራ አራተኛው ጓዳውን ይፈትሻል ‹እንግዳው የታል?› ብሎ።
ካለ፣ ጽንሱ ራሱ ‹አለሁ› ይላል ባንዲት ቃል፤
ከሌለ ማኅፀን ይልካል፣ ቢጫው ይፈርሳል።»

በምን መንገድ እንደሆነ በጣቱ ሣለልኝ በመስኮቱ ውርጭ ላይ፦
ከማኅፀን የሚወጣውን ደም መልስ፣
በላዩም እንደ ሐረግ የተጠመጠመውን ደም ቅዳ።
ቃሉ ወደ ልብ አይሄድም፣ ሳምባን አያንኳኳም፤
እዚያ ቢደርስ ይጠፋል፣ ማንም አይሰማም።
ከግድግዳ ግድግዳ ይሾልካል በሹክሹክታ፤
የቀኙ ለቀኝ ብቻ፣ ግራው ለግራ ያወራል፤
ጎረቤት ለጎረቤት፣ በአጥር ቀዳዳ።
ደም መልስ። ስሙን ያወጣው ሰው
ይህን ሳያውቅ እንዳወጣው እገምታለሁ።

ጥር ላይ ፍሌካን፣ ዥጉርጉሯን፣ አስተኛናት።
እኔ መብራት ያዝኩ። ማኅፀኗን ብቻ አወጣላት፤
እንቁላል ቤቶቿን እንደነበሩ ተወ።
ሳህኑ ላይ ያ ሥጋ ሁለት ቀንድ ነው፤
እንደ አውራ በግ ቀንድ ወደ ውስጥ የዞረ፤
ለረጅም ጊዜ ዓይኔ ከሱ ላይ ቀረ።

አሥራ ሰባት ሆነ። ወገቧ ነጭ ነው።
ሃያ። ሠላሳ። አውራው በግ አሽትቷት አለፈ።
ቢጫው አልፈረሰም። ማን ይንገረው?
«ቆዩ» ይላል፣ «ይመጣል» ይላል፣ ለሌለ ቤት።
ጠመኔዬ ጣውላውን ጨርሶ ወደ መቃኑ ተሻገረ፤
ሌሎቹ በየአሥራ ሰባታቸው ይቀላሉ፣
የሷ መስመር ግን ቀጥ ብሎ ኖረ።

አንድ ማታ ባልዲውን አስቀምጬ ጠየቅሁት፦
«የኔንም አምና አኩሬሪ ላይ አውጥተውታል።
ታዲያ እኔም እንደሷ ነኝ?»
ኬቲል ቀና አላለም፤ ደግ ሰው ነው፣
የሰው ዓይን ማየት ግን በጎች መሐል የረሳ።
«አይደለም» አለ። «ያንቺ ራሱ ያድጋል፣ ራሱ ይፈርሳል፤
የማኅፀንን ቃል አይጠብቅም። በግ ብቻ ናት
— እሷና ላም፣ እሷና አሳማ —
ከታች ካልተነገራት የማትለቅ።»

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር መሰለኝ።
በውስጤ አሁንም የሚቆጥር አለ፤
ቀይ አያሳየኝም እንጂ፣ ይመጣል፣ ይሄዳል፣
ማንንም ሳያማክር።

ግንቦት ላይ ሌላው ጋጣ በግልገል ተንጫጫ፤
ፍሌካ ከግርግሙ ድርቆሽ ትመዛለች፣ ሆዷ ውስጥ ያው ቢጫ።
እኔ ከመቃኑ ግርጌ፣ ማንም በማያይበት፣
አንዲት አጭር መስመር ለራሴ አሰመርኩበት።
ቀኑን በግምት ነው።
ተሳስቼም ይሆናል።
የሚያርመኝ የለም።